የሙዚየሙ ጓሮ እና የእማማ ሣራ እንሰት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሶዶ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እትዬ አስቴር፣ ሙዚየሙ አይናፍቅሽም?» ይሉኛል። ይናፍቀኛል። ግን እነሱ እንደሚያስቡት የሚናፍቀኝ ጋሻው ወይም ከበሮው አይደለም፤ ጓሮው ነው። በሥራ ዘመኔ የከፋውንም የበጀውንም ያየሁት እዚያ ጓሮ ውስጥ ነው።

የተወለድኩት ተበላ በምትባል ከተማ ነው። ሶዶ የመጣሁት አስተማሪ ባሌን ተከትዬ ነበር። ሙዚየሙ አስጎብኚ ይፈልጋል ሲባል ወላይትኛም አማርኛም አጣርቼ ስለምናገር ተቀጠርኩ። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል፤ የባሌ ዘመዶች «ይሄንንም ሥራ ትሉታላችሁ?» ይሉ ነበር።

ሙዚየማችን ትንሽ ነው። ድሮ ለአንድ ሹም የተሠራ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው፣ የጭቃ ግድግዳና የጣውላ ወለል ያለው ቆርቆሮ ቤት ነው። በክረምት ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጉም በመስኮት ይገባና ግድግዳው ላይ እንደ ላብ ይቀመጣል። ከጉሙ ጋር ስንታገል ነው የኖርነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቡድን በቡድን ይመጣሉ፤ አንዱ ከጎንደር፣ አንዷ ከሐረር፣ ሌላዋ ከጅማ። ለብዙዎቹ ስለ ወላይታ የሚሰሙት የመጀመሪያ ወሬ ከእኔ አፍ ነበር። ይህ ሁልጊዜ ያስፈራኝ ነበር።

የመጀመሪያው አለቃዬ ጋሽ ላሊሶ ነበሩ። ድሮ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበሩ፤ ወፍራም መነጽር፣ ዝቅ ያለ ድምፅ። ጠዋት ቤቱ ሲከፈት ማንም መስኮት እንዲነካ አይፈቅዱም። መጀመሪያ እሳቸው ብቻቸውን ይገቡና መሀል ክፍሉ ላይ ቆመው ያሸታሉ። ሻጋታ በዓይን ከመታየቱ በፊት ይሸታል ይሉ ነበር። እኔ መጀመሪያ ሳቄን እውጥ ነበር። ኋላ ግን አንድ ሐምሌ ላይ እኔ ራሴ የትኛው ጋሻ ጀርባ ላይ ሻጋታ እንደጀመረ ከበሩ ሆኜ ለየሁ። ያን ቀን የመስኮቱን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ።

ሸክላ በአንገቱ አይያዝም፤ አንዱ እጅ ከሥር፣ ሌላው ከጎን። ጋሻ ቅባት አይቀባም፤ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል። ዱንጉዛ፣ ያ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ጥለት ያለው የሀገራችን ጥጥ ልብስ፣ አይታጠፍም፤ በታጠበ አቡጀዲ በተሸፈነ ዘንግ ላይ ይጠቀለላል፤ ከታጠፈ ክሩ እጥፋቱ ላይ ይበጠሳል። እነዚህን ሁሉ ጋሽ ላሊሶ አንድ ጊዜ ብቻ ይናገራሉ። ሁለተኛ ጊዜ ስትሳሳቺ ዕቃውን ከእጅሽ ተቀብለው ራሳቸው ይሠሩታል፤ ያ ከስድብ የባሰ ነበር።

ሲያስጎበኙም የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። አንድ ዕቃ ፊት ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ከዚያ ተማሪዎቹን «እናንተ ቤት ይሄን ምን ትሉታላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። የጎንደሩ ልጅ የአያቱን ዕቃ ያስታውሳል፤ የጅማዋ ልጅ «የእኛ እንኳ አፉ ሰፋ ይላል» ትላለች። ክፍሉ በወሬ ከሞላ በኋላ ነው ጋሽ ላሊሶ «የእኛ ደግሞ...» ብለው የሚጀምሩት። እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው ያስጎበኘሁት።

ሌላው ልማዳቸው እግራቸው ነበር። ለሙዚየሙ ዕቃ የሰጠ ሰው ከሞተ፣ ገጠር ይሁን ከተማ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ። ዕቃ ከተሰበረም እንዲሁ። አንዴ ከተበላ የመጣ የወተት ገንቦ ተሰንጥቆ «ደብዳቤ እንጻፍላቸው?» ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ሰውየው ገንቦውን ሲያመጣ በደብዳቤ ነው ያመጣው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው እኛም በእግራችን ሄደን እንነግረዋለን።»

ሄድን፤ ነገርነው።

የጓሮው ሐሳብም የእሳቸው ነው። ቤት ውስጥ ለተማሪዎች የምናሳየው የቆጮ መፋቂያ፣ የገመድ ሥራ፣ ምንጣፉ፣ ሁሉም ከእንሰት ነው የሚመጣው ወይም ለእንሰት ነው የሚሠራው። እንሰቱ ግን የለም። ከቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ ሣር ብቻ ነበር። «ጓሮ የሌለው የወላይታ ቤት ቤት አይመስልም» አሉና ቁፋሮ ጀመርን። ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ አጥሩን ተከትሎ ተተከለ። መሀሉ ግን ለእንሰት ሆነ።

የማያውቅ ሰው እንሰት ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ነገር ግን የወላይታ እናቶች እንሰትን የሚያውቁት እንደ ልጆቻቸው በየስሙ ነው። ማዚያ አለ፣ ሃላ አለ፤ ሌላም ብዙ። አንዱ ለቆጮ፣ አንዱ ለቃጫ፣ አንዱ አሚቾ የሚባለውን ሥሩን ቀቅለው ለመብላት። የቅጠሉን አከርካሪ ቀለም፣ የግንዱን ነጠብጣብ ማየት ካወቅሽ ትለያቸዋለሽ። እኔና ጋሽ ላሊሶ በየወረዳው እየዞርን ከየእናቶቹ ችግኝ ለመንን። ከእርሻ ቢሮ ሳይሆን ከእናቶች። በእያንዳንዱ ተክል ሥር የሰጪዋን ስምና መንደር በእንጨት ላይ ጻፍን። በየዓመቱ የበልግ ዝናብ ሊገባ ሲል ደግሞ የሰጡን ሴቶች ወደ ሶዶ ይመጣሉ፤ እኛ ያባዛነውን የሌላዋን ዓይነት ይወስዳሉ። የገሱባዋ ሴት የቦምቤዋን፣ የቦምቤዋ የገሱባዋን። ያ ቀን በሙዚየማችን ከሁሉ የደመቀ ቀን ነበር። ሴቶቹ ጓሮው ውስጥ እየተዘዋወሩ የሌላዋን ተክል ሲተቹ መስማት ብቻውን ትምህርት ነው።

እማማ ሣራን ያገኘኋቸው ጋሽ ላሊሶ ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ ነው። ከገሱባ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲያዳምጡ አንገታቸውን የሚያዘነብሉ እናት ነበሩ። አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም፤ የምናወራው በወላይትኛ ነበር። ጓሯቸው ውስጥ የቅጠሉ አከርካሪ እንደ ቀይ ሥር የጠቆረ፣ ቁመቱ አጠር ያለ እንሰት አሳዩን። ጋሽ ላሊሶ እንኳ አይተውት አያውቁም።

«ስሙ ማነው?» አሏቸው።

«እናቴ ስታገባ ከእናቷ ቤት ይዛው መጣች። እኛ ‹የእናታችን› ነው የምንለው። አጥንቱ የተሰበረ ሰው አሚቾውን በወተት ይበላል።»

ልጃቸው ቆርቆሮ ቤት ሊሠራ ጓሮውን እየቀነሰው ነበር። ቀሪው መሬት ላይም ባሕር ዛፍ ሊተክል አስቧል። እማማ ሣራ ልጃቸውን አልወቀሱም፤ ግን የእንሰቱን ሥር ራሳቸው ቆፍረው፣ አፈሩን በእጃቸው አራግፈው፣ በኮባ ጠቅልለው ሰጡን። «እናንተ ጋ ይሻለዋል። መንግሥት ቤት ማንም አይነቅለውም» አሉ።

ይሄን ቃል ከነድምፁ አስታውሰዋለሁ።

ጋሽ ላሊሶ ጡረታ ወጡ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም አረፉ። ለቅሷቸው ላይ ከየወረዳው ዕቃ የሰጡ ቤተሰቦች ሁሉ መጡ። በእሳቸው ቦታ አቶ መስፍን የሚባሉ ሰው ተመደቡ። ከሰሜን የመጡ፣ ንጽሕና የሚወዱ፣ ፈጣን ሰው ናቸው። ሙዚየሙን አዲስ ቀለም አስቀቡ፤ ጓሮው ውስጥም የድንጋይ መንገድ አሠሩ። ከክልል የሚመጡ እንግዶች መንገዱን መርቀው እንዲከፍቱ ቀን ተቆረጠ። ቀኑም ሴቶቹ ችግኝ ሊወስዱ ከሚመጡበት ቀን ጋር አንድ ላይ ሆነ። አቶ መስፍን ሆን ብለው ነው ያደረጉት፤ እንግዶቹ ሴቶቹን እንዲያዩላቸው ፈልገው። ጥሩ ሐሳብ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሰኞ ጓሮ ስገባ መሀል ላይ ያለ አንድ እንሰት ገና ያልተዘረጋው አዲሱ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጎንበስ ብሏል። ጎኑ ያለውም እንደዚሁ ጀምሮታል። ውኃ ማነስ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ዩኒቨርሲቲ ለምታስተምረው ለዶክተር ሔለን ደወልኩላት። ተማሪዎቿን ወደ እኛ ስለምታመጣ ወዳጄ ነበረች። የሐረር ልጅ ናት፤ እንሰትን ያወቀችው በትምህርት ቢሆንም ከልቧ ትወደዋለች።

መጣች። የቅጠሉን አገዳ ቆረጠችና ጠበቀች። ከቁርጡ ላይ እንደ እርጎ ያለ ቢጫማ ፈሳሽ ወጣ። ዶክተር ሔለን ቢላውን መሬት ላይ አኖረችው።

«የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው፣ እትዬ አስቴር።»

«መድኃኒት የለውም?»

«የለውም። ነቅሎ መቅበር ነው።»

«የታመሙትን ብቻ?»

ጓሮውን ዞር ብላ አየችው። «ሁሉም በአንድ ቢላ ነው የተከረከሙት። ጤነኛ የሚመስሉትም ውስጣቸው ይዞ ሊሆን ይችላል። አንድ ችግኝ ወደ ገጠር ከወጣ የአንድ ቤት ጓሮ ያልቃል፤ ከዚያ የጎረቤቱ።»

በሽታው ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ለድንጋዩ መንገድ ሠራተኞች ያመጡት መሣሪያ ይሆናል፣ በአዲስ ችግኝ የገባም ይሆናል። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም።

ሁለታችንም አቶ መስፍን ቢሮ ገባን። ሰምተውን ሲጨርሱ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ ማንከባለል ጀመሩ።

«እንግዶቹ ሐሙስ ነው የሚመጡት» አሉ። «የታመሙትን ነቅለን እስከ ሐሙስ ብንታገስስ?»

«ሴቶቹም ሐሙስ ነው የሚመጡት» አልኩ።

«ችግኝ አትስጫቸው። ዘንድሮ አልደረሰም በያቸው።»

«ዓይናቸው እያየ? እነሱ እኮ ናቸው ለእኔ ደረሰ አልደረሰ የሚሉኝ። ደግሞ አቶ መስፍን፣ ያ ሁሉ እንግዳ በዚያ አፈር ላይ ተመላልሶ ወደየቤቱ ይሄዳል።»

አቶ መስፍን ተነሥተው በመስኮት ጓሮውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። አዲሱ መንገድ፣ በነጭ ቀለም የተቀቡት ጠርዞች፣ በላዩ የተዘረጋው አረንጓዴ ኮባ፤ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም። ስልካቸውን አንሥተው ለበላይ አለቃቸው ደወሉ። የተባሉትን አልሰማሁም፤ ፊታቸው ግን ቀላ። ዘጉና ኮታቸውን አወለቁ።

«መቼ ነው የምንጀምረው?»

«አሁን» አለች ዶክተር ሔለን።

ጓሮው ዳር ላይ ጉድጓድ አስቆፈርን። እንሰት ሲቆረጥ የሚሰማው ድምፅ የእንጨት አይደለም፤ ውኃ ያዘለ፣ የታፈነ ድምፅ ነው። ከእያንዳንዱ ሥር የሰጪዋን ስም የያዘውን እንጨት እየነቀልኩ ለብቻ አኖርኩ። የእማማ ሣራ እንሰት ቅጠሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ምንም አይመስልም። ዶክተር ሔለን «ልዝለለው?» አላለችኝም፤ እኔም አልለመንኳት። ስትቆርጠው ከውስጡ ያው ፈሳሽ ወጣ። በጓሮው ውስጥ ያለቀስኩት ያኔ ነው፤ አቶ መስፍን ጭቃ በጭቃ ሆነው አጠገቤ ቆሙ።

ሐሙስ ሴቶቹ መጡ። በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንዳንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ አንዷ «ጌታ ሆይ» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። የትኛዋም ግን ለምን ነቀላችሁ ብላ አልጠየቀችም። ያመጡትን ቢላ በሽታው እንዳይሄድበት በእሳት አስተኮስናቸው፤ ባዶ እጃቸውን ሸኘናቸው። እንግዶቹ ሌላ ጊዜ ይመጣሉ ተብሎ ቀረ። አቶ መስፍን ለዚያ ነገር ብዙ ወቀሳ ተቀብለዋል፤ ለእኔ ግን አንድም ቀን አላነሡብኝም።

እማማ ሣራ ግን ከሴቶቹ ጋር አልመጡም ነበር። ጉልበታቸው ታሞ ነበር። እኔም ገሱባ ሄድኩ። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር መኪናው በጭቃ እየተንሸራተተ ከቀትር በኋላ ደረስኩ። የልጃቸው ቆርቆሮ ቤት አልቆ ያበራል፤ ጓሮው ውስጥ ባሕር ዛፉ ከሰው ቁመት አልፏል። አንድም እንሰት የለም።

ደጅ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አንገታቸውን አዘንብለው ሰሙኝ።

«እሱም?» አሉ።

«እሱም፣ እማማ።»

«አንቺ እያየሽ?»

«እያየሁ።»

ተነሡ። ግድግዳውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ፤ በሩንም መለስ አደረጉት። እንግዳ ያለ አንድ ጉርሻ፣ ያለ አንድ ብርጭቆ ውኃ ከደጅ መመለስ በእኛ ሀገር ምን ማለት እንደሆነ የሀገሬ ሰው ያውቀዋል። ጥቂት ቆሜ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ወደ መኪና መንገድ ወጣሁ።

በዚያ ወቅት ሥራውን ልተወው አስቤ ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ የሰው አደራ መሆኑ ከበደኝ። ባሌ «ብትተዪው ማን ሄዶ ይነግራቸው ነበር?» አለኝ። በማግሥቱ ሥራ ገባሁ።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል አንድ ጠዋት ዘበኛው ጠራኝ። እማማ ሣራ በር ላይ ቆመዋል፤ ብቻቸውን፣ በዱላ ተደግፈው። ከገሱባ በሚኒባስ ነው የመጡት።

«የነበረበትን አሳዪኝ» አሉ።

ወሰድኳቸው። ባዶ አፈር ነው፤ ሣር እንኳ ገና አልያዘውም። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እኔን ሳያዩ መናገር ጀመሩ።

«ማርታ የምትባል ልጅ አለችኝ። ያለ አባቷ ፈቃድ አንዱን ተከትላ ቦምቤ ሄደች። አባቷ ስሟ እዚህ ቤት እንዳይነሣ አለ። እኔ ግን እሱ ሳያይ ከዚያ እንሰት አንድ ችግኝ ጠቅልዬ ቦምቤ ለምትነግድ ሴት ሰጠሁ፤ ለልጄ ስጪልኝ ብዬ። ይድረሳት አይድረሳት አላውቅም። አባቷ ከሞተ በኋላም ማን ይጀምር ተባብለን ቀረን።»

«ሄዶ መጠየቅ ነው እንጂ፣ እማማ።»

«ብቻዬን አልሄድም» አሉ።

በማግሥቱ አቶ መስፍን ፈቃድ ሰጡኝና ቦምቤ ወረድን። የማርታን ቤት ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት ሴቶች አሳዩን። ማርታ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ደጅ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር። እናቷን ስታይ እርጥቡ ልብስ ከእጇ ወደቀ። እማማ ሣራም በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። የትኛዋ ቀድማ እንደተራመደች አላየሁም፤ እኔ ፊቴን አዙሬ ነበር። ዞር ስል ተቃቅፈው ማርታ የእናቷን ትከሻ በእንባ አርሳዋለች።

ኋላ ወደ ጓሮ ወሰደችን። ከቤቱ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር፣ የቅጠላቸው አከርካሪ እንደ ቀይ ሥር የጠቆረ እንሰቶች ተደርድረው ቆመዋል። እማማ ሣራ መዳፋቸውን በግንዱ ላይ አደረጉ።

«ይሄን ያህል አጥር ታስጠጊዋለሽ?» አሏት ልጃቸውን። «ከብት ቢቀጥፈውስ?»

ማርታ ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች። «እማዬ፣ ገና መግባትሽ እኮ ነው!»

ያን ቀን በቅቤ የራሰ ቆጮ በልተን ጠገብን። ልወጣ ስል ማርታ «ለሙዚየሙ አንድ ችግኝ ልስጥሽ» አለች። እጄ ሊዘረጋ ምንም አልቀረውም። ግን የእኛ አፈር ገና አልዳነም፤ ዶክተር ሔለን ደጋግማ አስጠንቅቃኛለች። ከዚያ በላይ ደግሞ ያ እንሰት እዚያ ጓሮ ውስጥ እናትና ልጅ እየተከራከሩበት ነበር። «እዚሁ ይሁን» አልኩ። እማማ ሣራ ያን ጊዜ ነው ከገሱባው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ያዩት። «እንዲህ ነው» አሉ። እሳቸው በዚያው ከረሙ፤ እኔ ብቻዬን ወደ ሶዶ ተመለስኩ።

አቶ መስፍን «ባዶ እጅሽን መጣሽ?» አሉኝ። ነገሩን ስነግራቸው ወንበራቸው ላይ ተደግፈው አሰቡ። ከዚያ ወዲህ አሠራራችን ተለወጠ። ሁሉንም ዓይነት አንድ ጓሮ ውስጥ መሰብሰብ ተውን። ጓሮው አፈሩ ካገገመ በኋላ ጥቂት ንጹሕ ተክል ተተከለበት፤ ሌላው ግን በየሰጪው ቤት ቀረ። ተማሪዎችን ወደ እነዚያ ቤቶች መውሰድ ጀመርን፤ ወደ ገሱባ፣ ወደ ቦምቤ። ባለቤቶቹ ራሳቸው ያስጎበኛሉ። እኔ የመጨረሻ ዓመታት ሥራዬ መኪና መፈለግና አስተርጓሚ መሆን ነበር። እማማ ሣራ ካረፉ በኋላ ማርታ የእናቷን ቦታ ተክታ ለተማሪዎች ታወራለች፤ አማርኛዋ ጾታ ይቀላቅላል፣ ተማሪዎቹ ግን አንድ ቃል አያመልጣቸውም።

ባለፈው ወር የዶክተር ሔለን ተማሪዎች ቦምቤ ሲሄዱ እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አብሬ ሄድኩ፤ ሥራ የለኝም፣ እንደ ማንኛውም ጎብኚ። ማርታ በሩ ላይ ጠበቀችን። አጠገቧ ውኃ የሞላ ባልዲ፣ ብሩሽና የዕቃ ማጠቢያ ዱቄት አለ። ተማሪዎቹን አሰለፈቻቸውና የጫማቸውን ሥር አንድ በአንድ አሳጠበቻቸው። አፈር የነካ ጫማ ጓሮዋ አይገባም። እኔ ከሁሉ ኋላ ነበርኩና፣ ጉንጬን ስማ ያሳለፈችኝ መስሎኝ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«እትዬ አስቴር፣ አንቺም።»

በበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን አወለቅሁ።